ኢትዮጵያ የፈረመችው ስምምነት የሀገር ውስጥ ሕግ መሆኑን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ዓለም አቀፍ ስምምነትን ጠቅሶ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ለመከራከር ያሰበ ሰው የፊርማ ሥነ ሥርዓቱን ዜና እንደ ማስረጃ መያዝ የለበትም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(12) መሠረት አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 9(4)ም የሀገሪቱ የሕግ አካል የሚያደርገው የጸደቁትን ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ ከማጽደቂያ አዋጁ ይጀምራል።

አዋጁ ሲገኝ ሥራው አላለቀም። የውጭ ሀገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የተደረገውን የኒውዮርክ ኮንቬንሽን ብንወስድ፣ ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ቢያጸድቀውም፣ ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን መቀበሏን የሚገልጸው ሰነድ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገቢ የተደረገው ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኮንቬንሽኑ ራሱ በሚጠይቀው የ90 ቀን ጊዜ ምክንያት በኢትዮጵያ ላይ የጸናው ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ከመቀበሏ በፊት የተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና የተሰጡ ውሳኔዎች በኮንቬንሽኑ እንዳይሸፈኑ ተዐቅቦ (የስምምነቱን ተፈጻሚነት የሚገድብ መግለጫ) አድርጋለች። እንግዲህ አዋጁን ብቻ አይቶ አቤቱታ የሚጽፍ ጠበቃ በቀኑም በተዐቅቦውም ሊሳሳት ይችላል።

ቀጥሎ የስምምነቱን ሙሉ ቃል መፈለግ ያስፈልጋል። የማጽደቂያ አዋጆች ብዙውን ጊዜ ስምምነቱ መጽደቁን በጥቂት አንቀጾች ከመግለጽ አያልፉም፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የጸደቀበት አዋጅ ቁጥር 10/1984ም እንዲሁ ነበር። ይህ በእኔ አስተያየት የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ዳኛው በሥራ ቋንቋው ያላነበበውን ሕግ እንዲፈጽም መጠየቅ ከባድ ነውና።

ሆኖም የስምምነቱ ሙሉ ቃል ከአዋጁ ጋር አለመታተሙ ክርክሩን አይዘጋም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ከክልል ፍርድ ቤቶች በመጣ የሞግዚትነት ክርክር የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አንቀጽ 3 ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ጋር አጣምሮ በመተርጎም የልጁን ጥቅም ከአባቱ የሞግዚትነት መብት አስቀድሟል። አቤቱታ አቅራቢውም ይህንኑ መንገድ ቢከተል ይበጃል፦ የማጽደቂያ አዋጁን ቁጥር፣ ስምምነቱ የጸናበትን ቀንና ተዛማጁን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ጠቅሶ፣ የሚመለከተውን የስምምነቱን ክፍል በአማርኛ አስተርጉሞ ማያያዝ። ጉዳዩ መሠረታዊ መብትን የሚነካ ከሆነ የመብቶቹ ምዕራፍ ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎም የሚያዘውን አንቀጽ 13(2)ን መጨመር ይገባል።