ድሬ ላይ የስኳር ሴንሰር ለጥፎ ለሚውል ሰው

ክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ሴንሰር፣ ሊብሬ 2፣ ዕድሜው 14 ቀን ነው። ግንቦትና ሰኔ ድሬ ላይ ግን በአምስተኛው ቀን ጠርዙ ተነሥቶ ከሸሚዝ እጅጌ ጋር ተላቅቆ ሲወጣ ሰው ማጣበቂያውን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአለጣጠፉ ነው። ሐረር ላይ ችግር የማያመጣ ችኮላ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብለው ድሬ ሲገቡ ያስከፍላል።

ሴንሰር የሚለጠፈው ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ነው። ከማታው ጀምሮ ክንድዎን ቫዝሊንም ሎሽንም አይቀቡ። ጠዋት ቅባትና ሽቶ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፤ ቦታው ፀጉር ካለው ቆዳውን ሳይቧጭሩ ያንሱት። ከዚያ ፋን ፊት 10 ደቂቃ ይቀመጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ አልኮሉ በአንድ ደቂቃ ቢደርቅም ሰውነቱ ስላልቀዘቀዘ ላቡ ከሥር ተመልሶ ይመጣል። ቀዝቀዝ ሲሉ በአልኮል ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ይለጥፉ። ጠርዙን በጣት ዙሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ይጫኑት። ሊብሬ 2 ማንበብ ለመጀመር 60 ደቂቃ፣ ሌላው ሴንሰር ዴክስኮም ጂ6 ደግሞ 2 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ጥላ ውስጥ ቢያሳልፉት ማጣበቂያውም ይይዛል።

ተጨማሪ ፕላስተር ካደረጉ እንደ ቀለበት መሐሉን ቆርጠው ያውጡለት። ሊብሬ 2 መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ መሸፈን የለባትም። የተነሣውን ጠርዝ በመቀስ ከርክመው ቀለበቱን ከላይ ይለጥፉ። በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ ማሰብ እንኳ የለም፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላቀቅም ይልጣል።

አሁን የትኛው ክንድ? ከሰዓት በርጫ (ጫት መቃሚያው) ላይ የግራ ክርኑን ትራስ ላይ ጥሎ ለሚውል ሰው ግራ ክንድ የሴንሰር ቦታ አይደለም። መሣሪያው የሚያነበው ደም ሳይሆን ከቆዳ ሥር በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ክንድ ሲጫን ፈሳሹ ከአካባቢው ይሸሻል፤ የደም ስኳሩ 120 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሆኖ ሳለ ስክሪኑ 58 ሊያሳይ ይችላል። ሰውየው ደንግጦ ኮካ ይጠጣል፣ ማታ 250 ይሆናል። ሴንሰሩ ላይ ተኝቶ ማደርም ያው ነው። ነገሩን የሚያከብደው ጫት የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ ነው፤ ኢንሱሊን ወግቶ ምሳ የዘለለ ሰው እውነተኛ 58 ሊደርስ ይችላል። ስክሪን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከክንድዎ ላይ ይነሡ፣ ጣትዎን ይውጉ። መለኪያውና ስትሪፑ ሴንሰር ስላለ ተብሎ ቤት የሚቀር ዕቃ አይደለም። ጣት ከመውጋትዎ በፊት ግን እጅ መታጠብ ነው፤ የማንጎ ወይም የበለስ ጭማቂ የነካ ጣት የሌለ ስኳር ያሳያል። ላብ ላብ እያለዎት፣ እየተንቀጠቀጡ ጣት መውጊያው አጠገብዎ ከሌለ ግን አይጠብቁ፤ ስኳሩን ይውሰዱ።

ከ70 በታች መሆኑ ከተረጋገጠ 15 ግራም ስኳር ይበቃል፦ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ግማሹ (ዜሮ የሚባለው አይደለም)፣ ወይም ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ጣት ይውጉ። ሴንሰሩ ከደም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ስለሚዘገይ ገና ዝቅ እንዳለ ያሳያል፤ እሱን አይቶ የቀረውን ኮካ የሚጨልጠው ብዙ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር መድኃኒት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የ1,000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሊብሬ 2ን ከእውነቱ በላይ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ለዚህ መሣሪያ የቀኑ ጣሪያ 500 ሚሊ ግራም ነው።

ሴንሰሩ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ከመገዛቱ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ የአንድ አገር ሴንሰር ከሌላ አገር አፕ ወይም ሪደር (ንባቡን የሚያሳየው መሣሪያ) ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ሁሉም ከአንድ አገር ይምጣ። ሁለተኛ፣ ከእንግሊዝ የመጣ ሪደር በሚሊሞል ነው የሚያነበው፤ ቁጥሩን በ18 ያባዙት፣ 5.5 ማለት 99 ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ አይረሳ፦ 2026-03-31 ማለት መጋቢት 22 ቀን 2018 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። ግራፉ ላይ 02:40 ያለው ሌሊት 8 ሰዓት ከ40 ነው። ለሐኪም «2 ሰዓት ላይ ይወርዳል» ብሎ መናገር የተሳሳተውን የኢንሱሊን መጠን ያስቀይራል፤ ግራፉን ራሱን ያሳዩ።

ያልተከፈተ ሴንሰር ቁም ሣጥን ላይ አይከርምም። የዴክስኮም ጂ6 ማከማቻ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር ሳይሆን) ያኑሩት፣ ሊለጥፉት ሲሉ ቀደም ብለው ያውጡት። ስልክም ፀሐይ ላይ ባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ከተተወ ግሎ ይዘጋል፣ የማንቂያ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። መብራት ለሚሄድበት ሌሊት ፓወር ባንክ ይሙሉ፤ ሊብሬ 2 ውስጡ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 8 ሰዓታት ንባብ ብቻ ነው።

የኢንሱሊን ፓምፕ ላይ ያለ ሰው ጣጣው ይከብዳል። ውስጡ ያለው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ኢንሱሊኑ ከተበላሸ በጥቂት ሰዓታት ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ደም ውስጥ የሚከማች አሲድ) ይጀምራል። አብዛኛው የፓምፕ ኢንሱሊን ከ37 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም፤ ፓምፑን ከልብስ ውጭ ፀሐይ ላይ አያንጠልጥሉ፣ መርፌና ቱቦውን በሙቀት ወራት በየ2 ቀኑ ይቀይሩ። ያለ ምክንያት ከ250 በላይ ከወጣ ፓምፑን አይመኑ፦ ኪቶን ይለኩ፣ ሐኪም ባዘዘልዎ መጠን በኢንሱሊን ብዕር ወይም በሲሪንጅ ይውጉ፣ ከዚያ ቱቦውንም ኢንሱሊኑንም በአዲስ ይተኩ። ማስታወክ ከተጨመረ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

በደንገጎ ወደ ሐረር ሲወጡ የአየር ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። አወዳይ ወይም ሐረር ሲደርሱ ቱቦውን ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱ፤ አረፋ ካዩ ቱቦውን ከሰውነትዎ ነቅለው አረፋውን ያስወጡት። ሳይነቅሉ ማስወጣት ኢንሱሊኑን ሰውነትዎ ውስጥ መጨመር ነው።