ቅልጥሙን የሚያመው ሯጭ እንዴት ያገግማል?

ኅዳር ላይ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ መስከረም መጨረሻ ልምምድ የጀመረ ሰው፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ቅልጥሙን ቢያመው አይገርምም። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋል። በትንፋሹ ተማምኖ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የተጣደፈ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በቅልጥሙ ነው።

በመጀመሪያ ሩጫውን አቁሙ። «ሲሞቅ ይለቀኛል» አትበሉ። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ይለቃል፤ ሰው የሚታለለውም በዚሁ ነው።

ቀጥሎ ያለውን በጥድፊያ አትለፉት። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አጋድሙ። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ የቅልጥሙን አጥንት የውስጥ ጠርዝ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ወደ ላይ ውጡ። ሕመሙ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና እዚያ የተያያዘው ጡንቻ ተቆጥቷል ማለት ነው። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ዘልላችሁ እስክትነሡ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ተኝታችሁም የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረምና ሐኪም ይየው።

የእኔዋ ነጥብ የአንድ ብር ሳንቲም አታክልም ነበር። ጡንቻ ነው ብዬ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ዘይት ቀብቶ እዚያችው ላይ በአውራ ጣቱ ሲጫን ጣሪያውን የሚነቀንቅ ጩኸት ጮኽኩ፤ «ደም ቋጥሮ ነው» አለኝ። ወጌሻን አልንቅም፤ አንድ ነጥብ ላይ የሚያም አጥንት ግን አይታሽም። ከዚያ ራጅ ተነሣሁ፤ ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ በማግስቱ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል ያወቅኩት ኤምአርአይ ካጋለጠው በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የታላቁ ሩጫን ካናቴራ ለብሼ የሄድኩት ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ያውም በክራንች ነበር።

ሕመሙ የተዘረጋው ዓይነት ከሆነ ሁለት ሳምንት ያህል ዕረፉ፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ደቂቃ ያዙበት። ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ማስጠንቀቂያውን አፍኖ መሮጥ ነው።

ሕመሙ ሲቀንስ ባታችሁን አጠንክሩ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቻችሁ ቆማችሁ ተረከዛችሁን አንሡ፣ ከዚያ በቀስታ አውርዱ፤ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጥቅሙ ያለው ቀስ ብሎ በማውረዱ ስለሆነ ዱብ አታድርጉት። ለዚህ የሚሸጡ መሣሪያዎች አያስፈልጉም፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይበቃል። ሶሉ የሞተ ልባሽ ጫማ ግን ለሰፈር መላላኪያ ይሁን።

አንድ ባት ብቻ ያለ ምክንያት ካበጠና ከሞቀ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ይህን ሁሉ ትታችሁ በዕለቱ ሆስፒታል ሂዱ።

30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ስትራመዱ ካላመማችሁ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያላችሁ አሥር ጊዜ ደጋግሙ፤ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። አስፋልቱን ለጊዜው ተዉት፤ የጃን ሜዳ ዓይነት ሣር ይሻላል። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብራችሁ አትጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት፣ ያንኑ ጠርዝ በአውራ ጣት ዳስሱ። ካመማችሁ የዚያን ቀን በእርምጃ ብቻ ሂዱ።