ጎንደር ላይ ሆናችሁ ለስራችሁ የሚሆን ኤአይ እንዴት ትመርጣላችሁ

“የቱ ኤአይ ይሻላል” ብላችሁ ከጀመራችሁ የሚመርጥላችሁ የቲክቶክ ማስታወቂያ ነው። መጀመሪያ ስራችሁ ውስጥ ጊዜ የሚበላውን አንድ ነገር ለዩ፣ በጣም ጠበብ አድርጋችሁ። “ለፎቶ ቤቴ ኤአይ እፈልጋለሁ” አይበቃም፣ “ደንበኛ የእናቱን የደበዘዘች ጉርድ ፎቶ ይዞ መጥቶ አሳድግልኝ ሲለኝ የምጨነቀው” እስከሚል ድረስ ውረዱ። እንደዛ ሲጠብ ለዛች ስራ ብቻ የተሰራ ነገር አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ነጻ ነው።

ከፎቶው እንጀምር። አፕስኬይል የሚባል አለ፣ ነጻ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ የሚፈልገው ቩልካን የሚባለውን የግራፊክስ ቴክኖሎጂ የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ ነው። የሰው ሰርግ ፎቶ የማታውቁት ሳይት ላይ ከመጫን ይገላግላችኋል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም ስራችሁ አይቆምም። ትንሿን ፎቶ ያሳድጋል እንጂ ጭረት አያጠፋም፣ እሱን በእጅ ነው። ተጠንቀቁ የምላችሁ ፊት ላይ ነው። ጂኤፍፒጋንን የመሳሰሉ ፊት አዳሽ ሞዴሎች የጠፋውን አይን ከየትም አያመጡትም፣ ከተማሩባቸው ፊቶች የሚመስለውን ነው የሚገጥሙት። ሹሩባዋ ጥርት ይልና ፊቷ የሌላ ሴት ይሆናል፣ ልጅየው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄድና ቤት ሲደርስ አክስቱ “ይቺ ደሞ ማናት” ትለዋለች። ስለዚ ኦሪጅናሉንና የታደሰውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሰውየዋን በአካል ለሚያውቅ ሳታሳዩ ትልቁን አታትሙ።

ባነርና ፖስተር የምትሰሩ ደሞ ችግራችሁ ፊደል ነው። ምስል ፈጣሪዎቹ የጥምቀት ድባብ፣ ጥላ፣ ውሃ ምናምን ቆንጆ አድርገው ያመጡላችኋል፣ ፊደሉ ላይ ግን ፈ ይሁን ራ የማይለይ፣ የትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ሆሄ ብዙ ጊዜ ይፈጥራሉ። ጽሁፉን ከነሱ አትጠብቁ። ምስሉን ብቻ ውሰዱና ጽሁፉን ፎቶፒያ በሚባለው ብሮውዘር ላይ የሚሰራ የፎቶ ማስተካከያ በአቢሲኒካ ወይ በኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ራሳችሁ ጻፉ፣ አለቀ። ግንቡንም እዩት፣ ፋሲል ግንብ ሲባሉ የአውሮፓ ካስል ይዘው ከች ሊሉ ይችላሉ፣ የሌላ ከተማ ሰው ላያስተውል ይችላል፣ ቀበሌያችሁ ግን ይስቅባችኋል።

ሙዚቃ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ዘፋኙን ከመሳሪያው ለመለየት ዴሙክስ አለ፣ ሜታ ነው የሰራው፣ አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥም ታገኙታላችሁ። የተለመደው ሞዴል ዘፈኑን አራት ቦታ ይከፍለዋል፣ ከበሮ፣ ቤዝ፣ የሰው ድምጽ እና “ሌላ”። እንግዲህ ማሲንቆ የት ሊገባ ነው? “ሌላ” ውስጥ ነበር መግባት ያለበት፣ ግን ማሲንቆ እንደ ሰው ስለሚያንጎራጉር ቁራጩ ከድምጹ ጋ ተጣብቆ ሊወጣ ይችላል፣ በተለይ አዝማሪው እየዘፈነ ያንኑ ዜማ ተከትሎ ሲመታ። ስለዚ ስትሞክሩ መግቢያውን አትስጡት፣ መግቢያው ላይ ማሲንቆው ብቻውን ስለሆነ ሁሉም ቱል ጎበዝ ይመስላል። ድምጹና ማሲንቆው አንድ ላይ የሚሄዱበትን፣ ጭብጨባና እልልታ የገባበትን ሰላሳ ሰከንድ ቆርጣችሁ ስጡት። እዛ ላይ ካለፈ ሌላው ቀላል ነው። ይሄ ለማንኛውም ቱል ይሰራል፣ ዴሞው ላይ ያለውን ናሙና ሳይሆን ከራሳችሁ ስራ ከባዱን ነው መስጠት።

ንግግር ወደ ጽሁፍ ለምትፈልጉ አጭር ነው። የኦፕንኤአዩ ዊስፐር በፈረንጆች 2022 የወጣ ነው፣ በ680,000 ሰዓት ድምጽ የሰለጠነ፣ እንግሊዝኛ ላይ ግሩም፣ አማርኛ ላይ ግን ደካማ ነው፣ የጎንደር ሽማግሌ ቃለመጠይቅ ሰጥታችሁት ተአምር አትጠብቁ። የሜታው ኤምኤምኤስ ከ1,100 በላይ ቋንቋ ይዞ በ2023 መጥቷል፣ አማርኛም አለው፣ ፈቃዱ ግን ለንግድ አይሆንም ይላል፣ ደንበኛ የሚከፍላችሁ ስራ ላይ እንዳታስገቡት። ነጻ የተባለ ሁሉ ለገበያ ነጻ አይደለም፣ ላይሰንስ የሚለውን ገጽ ክፈቱና እዩ። ጽሁፍ የሚያነብ ድምጽ ከሆነ የፈለጋችሁት አዙር በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ መቅደስና አምሀ የሚባሉ የአማርኛ ድምጾች አሉ፣ ግን ቁጥርና የሰው ስም ያለበት አረፍተ ነገር አስነብቧቸው መጀመሪያ።

ብራና ላይ ለምትሰሩ፣ ከፎቶ ላይ ጽሁፍ የሚያወጣው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል ግን ለታተመ ጽሁፍ ነው። ለእጅ ጽሁፍ ትራንስክሪበስ ይሻላል፣ ለግእዝ ብራና የተዘጋጁ ሞዴሎች አሉት፣ የራሳችሁንም ማሰልጠን ትችላላችሁ። ያወጣውን ግእዝ ለሚያውቅ መሪጌታ ወስዳችሁ አስነብቡ፣ ሀ ሐ ኀ ላይና በቀይ ቀለም የተጻፉት ስሞች ላይ ቆም እያላችሁ። ብራናው የቤተክርስቲያን ከሆነ ደሞ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ኢንተርኔት ላይ እንደሚጫንም ንገሯቸው።

አስጎብኚዎች፣ ኤአዩን መልሱን የምታውቁትን ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ጥምቀት በፈረንጆች መቼ ነው በሉት፣ ጥር 11ን ጃንዋሪ 11 ነው ብሎ ከመለሰ ዝጉት፣ ጃንዋሪ 19 ነው፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደሞ 20። ጠዋት 3 ሰዓት እንገናኝ የሚለውን ለቱሪስት እንዲተረጉም ስጡት፣ 9 ሰዓት ማለት አለበት። ፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ ያለውን የዘፈን አዳራሽ ማን አሰራው በሉት፣ ሁሉንም ለፋሲል የሚያስታቅፍ ከሆነ ያሰሩትን አጼ ዳዊት ሳልሳዊን አያውቅም ማለት ነው። ለናንተ የጉግሉ ኖትቡክኤልኤም አይነት ይሻላል፣ እናንተ የሰጣችሁትን ሰነድ ይዞ ይመልስና ከየትኛው ቦታ እንዳመጣው ያሳያል፣ ስለዚ ስህተት ሲሆን መያዝ ይቻላል።

ክፍያ የመጨረሻው ነው። በዶላር ነው፣ ካርድ ማግኘት ራሱ ጣጣ አለው፣ በሰው ካርድ የምታስከፍሉም ካላችሁ የአመቱን በቅናሽ ሲሏችሁ አትሸወዱ። የወሩን ብቻ ክፈሉ፣ በከፈላችሁበት ቀን ራሱ ካንስል አድርጉት፣ ብዙዎቹ ወሩ እስኪያልቅ ያሰሯችኋል፣ ግን ካንስል የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት እስከ መቼ እንደሚሰራ የሚለውን አንብቡ። ስራችሁንም እዛው አትተዉት፣ በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ አውርዱ።