ከኮዬ ፈጬ ቪዲዮ ለሚጀምር ሰው፦ የመድረኮችን ክፍያ እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስልኩን በመስኮት ደፍ ላይ አስደግፎ መቅረጽ የሚጀምር ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው «በሺህ እይታ ስንት ይከፈላል?» ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ መድረኩ፣ ማለትም ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ ወይም ሌላው፣ ለሚኖሩበት አገር መክፈል አለመክፈሉንና ክፍያው በምን መንገድ እጅዎ እንደሚገባ ይወቁ።

በቲክቶክ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለቪዲዮ እይታ የሚከፍለው መርሐ ግብር 10,000 ተከታይ፣ ባለፉት 30 ቀናት 100,000 እይታና ከአንድ ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ ይጠይቃል፤ ክፍት የሆነው ግን እንደ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመንና ጃፓን ላሉ ጥቂት አገሮች ብቻ ሲሆን ኢትዮጵያ የለችበትም። በእኛ ሰፈር «ቲክቶክ ከፈለኝ» ሲባል የሚሰሙት ገንዘብ በላይቭ ከተመልካች የሚመጣ ስጦታ ነው፤ ተመልካቹ ስጦታውን ለመላክ በመተግበሪያው ውስጥ ከገዛው ዲጂታል ሳንቲም ዋጋ መድረኩ ከፍ ያለውን ድርሻ ያስቀራል። ስለዚህ ላይቭን ከሌላው ጋር ሲያወዳድሩ የተቀመጡበትን ሰዓት፣ ያለቀውን ዳታና መብራት የጠፋበትን ምሽት አብረው ይቁጠሩ። በውጭ አገር ስም የተከፈተ አካውንት እንሽጥልዎ የሚሉትን ግን አይስሟቸው፤ ማንነትዎን አረጋግጡ በተባሉ ቀን የደከሙበት ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ዩቲዩብ የሚከፍለው ከማስታወቂያ ገቢ ነው። ለዚህ ድርሻ የሚያበቃው 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ ነው። ከረዥም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ለፈጣሪው ይደርሳል፤ በሾርትስ ግን ገቢው በአንድ ቋት ተሰብስቦ ለፈጣሪዎች ከተመደበው 45 በመቶው ይሰጣል። በእኔ እምነት የአንድን ሙያ አሠራር በእርጋታ ማሳየት ለሚችል ሰው፣ ዶሮ ማርባትም ሆነ የልብስ ስፌት፣ ረዥሙ ቪዲዮ ይሻለዋል፤ የዛሬ ዓመትም ሰው ፈልጎ ያየዋልና። ይህን ገቢ የሚያካፍለው የአጋርነት መርሐ ግብር የሚሠራባቸውን አገሮች ዝርዝር ግን ከመጀመርዎ በፊት ራስዎ ከዩቲዩብ የእገዛ ገጽ ያንብቡ።

ቀጥሎ ያለው የፖስታ ጉዳይ ነው። ዩቲዩብ በሚከፍልበት የጉግል አገልግሎት፣ በአድሴንስ፣ የተጠራቀመው ገንዘብ 10 ዶላር ሲደርስ የአድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር (ፒን) በደብዳቤ ይላካል፤ ቁጥሩን በአራት ወር ውስጥ በአካውንትዎ ካላስገቡ ማስታወቂያው ይቆማል። የብሎክና የቤት ቁጥር ጽፎ ደብዳቤ በር ላይ መጠበቅ በእኛ ዳርቻ ሰፈሮች አይሠራም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይከራዩ፣ ወይም ሳጥን ያለውን ቤተሰብ ወይም መሥሪያ ቤት አስፈቅደው በትክክል ያስመዝግቡ። ስምዎ በባንክ ሒሳብዎ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ክፍያ የሚላከው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ፣ በወር 12 ዶላር የሚያስገባ ቻናል የመጀመሪያውን ክፍያ የሚያገኘው ከዘጠነኛው ወር በኋላ ነው። የቤት ኪራይን በዚህ ገንዘብ ላይ መመሥረት አይገባም። የግብር መረጃ ቅጹንም አስቀድመው ይሙሉ፤ ያልሞላ ሰው ከጠቅላላ ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል።

ቴሌግራም 1,000 ተከታይ ላለው ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ያካፍላል፤ የሚከፍለው ግን ቶንኮይን በሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ በመሆኑ በባንክ እንደሚመጣ ዶላር አድርገው አይቁጠሩት። ፌስቡክም የክፍያ መርሐ ግብሩን የሚከፍተው ለገጽ ወይም ወደ ፕሮፌሽናል ሁነታ ለተቀየረ የግል አካውንት ስለሆነ፣ ለእርስዎ መፈቀዱን ከቅንብሩ ይመልከቱ።

ከዚህ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ ለየመድረኩ አራት ነገር ይጻፉ፦ ከፋዩ ማን ነው፣ ለአገሬ ክፍት ነው ወይ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ስንት ሲሞላ ይላካል፣ እስከዚያ ስንት ብር ዳታ ይፈጃል። ባንክ ቅርንጫፍዎ ሄደው ከውጭ የሚመጣ ክፍያ የሚቆረጥበትን መጠንና የስዊፍት ኮዱን (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ የባንኩን ማንነት የሚለየውን ኮድ) ይጠይቁና አምስተኛው መስመር ላይ ያስፍሩ።