ሲጋራው ዜሮ፣ መጠጡ በልክ፦ የልብ ጥቃትን ለመከላከል

በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ወደ 1 ቢያወርደው፣ የልብ ጥቃት አደጋውም በዚያው ልክ የሚቀንስለት ይመስለዋል። አይቀንስም። በቀን 1 ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ፣ 20 የሚያጨሰው ከተሸከመው ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ትንሹም ጭስ የደም ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፣ ደምንም ለመርጋት ያመቻቻል። ኒኮቲኑ ልብን ያስሮጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በዚህ መሐል የረጋ ደም ወደ ልብ የሚሄደውን ቧንቧ ከዘጋው የልብ ጥቃት ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሲጋራን ጨርሶ መተው እንጂ መቀነስ አይበቃም።

ማቆሚያ ቀን ይቁረጡ፤ ከሁለት ሳምንት አይለፍ። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨሱ ከሆነ፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኒኮቲን በ21 ሚሊግራም ይጀምሩ። ለ6 ሳምንት ከተጠቀሙ በኋላ 14 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ በመጨረሻም 7 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት። በየጠዋቱ አዲስ ይለጥፉ፣ ቦታውንም ይቀያይሩ። በቅርቡ የልብ ጥቃት የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የኒኮቲን ማስቲካን ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሚያኝኩበት መንገድ ላይ ነው። ኒኮቲኑ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ውስጥ ሥጋ በኩል ስለሆነ፣ እንደ ተራ ማስቲካ ቶሎ ቶሎ ካኘኩት ከምራቅ ጋር ተውጦ ስቅታና ቃር ያመጣል። ቀስ ብለው ያኝኩ፤ አፍዎን ቆንጠጥ ሲያደርግዎት በጉንጭና በድድ መካከል ያሳርፉት፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩ። እንዲህ እያደረጉ 30 ደቂቃ ያቆዩት። ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡናና ለስላሳ መጠጥ አይውሰዱ፤ አሲዳቸው ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያግዳል። ከእንቅልፍ በተነሡ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ከሆነ 4 ሚሊግራሙ፣ አለዚያ 2 ሚሊግራሙ ይስማማዎታል።

ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። በመጀመሪያው ወር መጠጥ ባይቀምሱ በጣም ይመረጣል፤ ስንቱ ጎበዝ ሳምንታት ታግሦ በሁለተኛው ብርጭቆ ወደ ሲጋራው ተመልሷል! አንድ ዓመት ከጸኑ ግን ሲጋራ ያመጣው ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

መጠጥን በጠርሙስ ሳይሆን በግራም ይቁጠሩ፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮል ፐርሰንቱ ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ በ0.8 ያባዙ። 5 ፐርሰንት የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። ሳምንቱን ሙሉ ታቅቦ በአንድ ምሽት አምስት መጠጣት ከ60 ግራም በላይ ማስገባት ነው። እንዲህ ያለው አጠጣጥ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የልብን ምት ያዛባል። ወይን ለልብ ይበጃል ተብሎ መጠጥ መጀመርም አያዋጣም።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን መጠጡን በራሱ በአንዴ አያቁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ስለሚችል፣ በሐኪም ክትትል ያቁም።