ከቀዶ ሕክምና በኋላ በምጥ ለመውለድ ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀጣዩን ልጇን በምጥ መውለድ ትችል እንደሆነ ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ታሳየናለች። ጠባሳው አግድም ከሆነ «ይቻላል»፣ ቁልቁል ከሆነ «አይቻልም» ብለው የሚፈርዱ ባለሙያዎች ዛሬም መኖራቸው ያሳዝነኛል። በቆዳ ላይ የሚታየው ስፌት ማሕፀኑ በየት በኩል እንደተቆረጠ አይናገርም፤ ቆዳው አግድም ተከፍቶ ማሕፀኑ ቁልቁል ሊቆረጥ ይችላል፤ የዚህም ተቃራኒ ያጋጥማል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማሕፀኑ በታችኛው ክፍሉ አግድም የተቆረጠ ከሆነ በምጥ ጊዜ የመተርተር ዕድሉ ከ100 እናቶች በአንዷ ወይም ከዚያ ባነሰ ብቻ የሚደርስ ሲሆን፣ በላይኛው ክፍሉ ቁልቁል የተቆረጠ ከሆነ ግን ከ100 እናቶች ከ4 እስከ 9 በሚሆኑት ላይ ሊደርስ ስለሚችል ምጥ መሞከር አይመከርም። ቀጭን አግድም ጠባሳ የነበራት አንዲት እናት መዝገቧ ሲገኝ ማሕፀኗ ቁልቁል የተቆረጠ ሆኖ አገኘነው፤ ልጇ ከጊዜው እጅግ ቀድሞ ስለተወለደ የታችኛው ክፍል ገና አልሳሳም ነበር። ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ቅጂ ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ይፈለግ፤ ምጥ ከያዘ በኋላ መዝገብ ማፈላለግ ዘግይቷል።

አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም ኤድዊን ክራጊን በ1916 (እ.ኤ.አ.) «አንዴ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሁልጊዜ በቀዶ ሕክምና» የሚለውን ሲጽፍ ማሕፀን በአብዛኛው ቁልቁል ይቆረጥ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

«ዳሌሽ ጠባብ ነው ተብያለሁ» ብሎ ተስፋ መቁረጥም ሌላው ስህተት ነው። የፊተኛው ቀዶ ሕክምና የተደረገው ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ከነበረ ምክንያቱ አሁን ላይኖር ይችላል፤ ምጡ ስላልገፋ ከነበረም የልጁ አናት አቀማመጥ አልተስተካከለ ይሆናል። ምጥ ከሚሞክሩት እናቶች ከ100 ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፤ ቀድሞ በምጥ የወለደች ደግሞ ዕድሏ ከዚህ ይበልጣል።

ምጥ ለማስጀመር ማሕፀንን የሚያኮማትረውን ሚሶፕሮስቶል የተባለ መድኃኒት መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ከቀዳሚው ወሊድ 18 ወር ገደማ ሳይሞላ የሚመጣ ወሊድም የመተርተሩን ስጋት ይጨምራል።

ምጡ እስኪጠና ቤት መቆየት በሌላ እናት ላይ ጉዳት ላያስከትል ይችላል፤ ጠባሳ ላለባት ግን አይሆንም። የምትወልደው ቀዶ ሕክምና ወዲያው ሊደረግበትና ደም ሊገኝበት በሚችል ቦታ ሊሆን ይገባል።

ባለሙያዎችም ሆነ ቤተሰብ የመተርተርን ምልክት ከጠባሳው ሕመም ብቻ ይጠብቃሉ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ግን የልጁ የልብ ምት መዛባት ነው፤ ስለዚህ የልብ ምቱን የሚከታተለው መቆጣጠሪያ ስለከበደ ወይም ስላሰለቸ ይውለቅልኝ የምትል እናት ምክንያቱ በትዕግሥት ሊነገራት ይገባል። ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል የሚሰጥ የምጥ ሕመም ማደንዘዣ) ምልክቱን ይደብቃል ተብሎ መከልከሉም ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻም፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ምንም ጉዳት የለውም የሚል አስተሳሰብ አለ። በየቀዶ ሕክምናው ቁጥር የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ከሁለት በላይ ልጆች ለመውለድ ያሰበች እናት ይህን ከወዲሁ ከሐኪሟ ጋር መመዘን አለባት።