ቡናችንና የአውሮፓ የደን ህግ፦ ማህበራትም ላኪዎችም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡና አካባቢ የሚውል ሰው «ኢዩዲአር» የሚለውን ስም መስማት ከጀመረ ቆይቷል። የአውሮፓ ህብረት በፈረንጆች 2023 ያወጣው ደንብ ነው። ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። ከታህሳስ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ (በእነሱ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 መሆኑ ነው) ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ቡና አውሮፓ አይገባም። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማሳወቅ አለበት። ቡናው በበቀለበት አገር ህግ መሰረት የተመረተ መሆኑንም እንዲሁ።

እኔን የሚያሰጋኝ ምንጣሮው አይደለም። አብዛኛው ቡናችን ከትንንሽ ገበሬዎች፣ ከጥላ ዛፍ ስር የሚለቀም ነው። ንጹህ ሆኖ ሳለ የሚወድቀው ቡና በወረቀት፣ በቁጥርና በቅልቅል ነው የሚወድቀው።

«ተራዘመ እኮ!»

ደንቡ መጀመሪያ በፈረንጆች 2024 መጨረሻ ሊጀመር ነበር። ወደ 2025 ተገፋ። ከዚያም ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ኩባንያዎች ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለትንንሾቹ ወደ ጁን 30 ቀን 2027 ተሻገረ። ሁለቴ የተገፋ ሦስተኛም ይገፋል ባዩ ብዙ ነው። ግን የተገፋው ስራ የሚጀመርበት ቀን እንጂ የ2013ቱ መነሻ ቀን አይደለም። ደግሞ ኅዳር 2019 ዓ.ም. ላይ የሚለቀም እሸት ቡና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተበጥሮ ሃምቡርግ ሲደርስ ቀኑ አልፏል።

«የእኛ ቡና ድሮም የጫካ ነው» ብሎ መከራከር

እውነት ነው፣ ግን ማስረጃ አይደለም። ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ዛፎችና ከ10 በመቶ በላይ የቅጠል ሽፋን ያለውን መሬት ነው። በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት ግን ዛፍ ቢበዛበትም ደን አይባልም። በጥላ ዛፍ ስር ቡና የሚለማበት ማሳ በደንቡ እርሻ ነው። የሚከለከለው ደኑን መንጥሮ ማሳ ማድረግ ነው።

ችግሩ ሳተላይቱ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የፈረንጆች 2020 የደን ካርታ አለ። ካርታው ከላይ ሲያይ ዋንዛውንና ሰሳውን እንጂ ከስሩ ያለውን ቡና አያይም። ስለዚህ የጥላ ቡና ማሳ ደን መስሎ ሊታይ ይችላል። ከዚያ ገበሬው ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል (እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከግንዱ ሲቆርጥ) ወይም የጥላ ዛፉን ሲያሳሳ ቦታው ይከፈታል። ሩቅ ላለ ሰው ይህ ምንጣሮ ይመስላል።

ካርታው አስገዳጅ አይደለም። ማሳህ እዚያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ መታየቱ ብቻውን አይጥልህም። መልስ ግን ያስፈልገዋል። ከ2013 ዓ.ም. በፊት የነበረ የአባላት መዝገብ፣ የጉንደላው ቀን፣ ከስራው በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ፣ የልማት ጣቢያ ሰራተኛው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ አስቀምጥ። ይህ የሚሰበሰበው ዛሬ ነው። ገዢው ጥያቄ ከላከ በኋላ የሚዘጋጅ ወረቀትን ማንም አያምነውም።

በድንጋጤ የጥላ ዛፍ የሚቆርጥም አይጠፋም፤ «ዛፍ ከሌለ ደን አይሉኝም» በሚል። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። በሳተላይቱ ዘንድ ራስን በራስ መክሰስ ነው። ሙቀቱ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ቡናውን ለፀሐይ ማጋለጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

ነጥቡን እንደነገሩ መውሰድ

ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ (ጂፒኤስ) ነጥብ ይበቃል። ዙሪያውን ዞሮ መለካት የሚጠየቀው ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ጥማድን በሩብ ሄክታር ካሰላነው 4 ሄክታር 16 ጥማድ ገደማ ነው። ስንት ገበሬ አለው? ገዢው በራሱ ፍላጎት ዙሪያውን ይለካልኝ ካለ ጥሩ፣ ግን ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ነጥቡ የሚወሰደው ከቡናው መሃል ነው። ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ መመዝገብ አይሆንም። ሁለት ቦታ ማሳ ያለው ገበሬ ሁለት ነጥብ አለው።

ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ይጠየቃል። 7.67 ብሎ የመዘገበ ሰው ኋላ ቢሮ ቁጭ ብሎ 7.670000 ብሎ ይሞላዋል። ቅጹ ሞልቷል፣ ቦታው ግን እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊስት ይችላል። ምናልባትም እውነተኛ ደን መሃል ይወድቃል።

ሌላው የኬክሮስና የኬንትሮስ መገላበጥ ነው። አንዳንድ ፋይል ኬንትሮስን ያስቀድማል፣ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬክሮስን። የጅማን 7.67 እና 36.83 ገልብጠህ ብታስገባ ነጥቡ ሰሜን አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል። ከመላኩ በፊት ነጥቦቹን ካርታ ላይ ጥሎ ማየት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ዘመን አቆጣጠር ሳይጽፉ ዓመት መጻፍ

መዝገባችሁ ላይ «የተተከለበት ዓመት፦ 2014» ካለ ጀርመናዊው ገዢ የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነው። እሱ ዘንድ ቡናው ከመነሻው ቀን ስድስት ዓመት በፊት ተተክሏል። እናንተ ዘንድ ግን ከቀኑ በኋላ ነው። ኋላ ሲታወቅ ማጭበርበር ይመስላል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ።

እሸት መቀላቀል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡና የሚበላሸው። ደንቡ «ግማሹ ንጹህ ነው» የሚል ሂሳብ አይቀበልም። መገኛው የማይታወቅ ቡና ከታወቀው ጋር ከተደባለቀና መለየት ካልተቻለ ሁሉም ይወድቃል።

ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለነበር የገበሬው ማንነት መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። ከቡና ግብይት አዋጅ 1051/2009 በኋላ ቀጥታ የመላክ በር ሰፍቷል። ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ማታ ላይ አሰባሳቢ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ እሸት ይዞ ማጠቢያ ጣቢያ ይደርሳል። መዝጋቢው በአንድ አባል ስም ይጽፍለታል።

ይሄ በቀላል ሂሳብ ይጋለጣል። አንድ ኪሎ ንጹህ (የተፈለፈለ ጥሬ) ቡና ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ይፈልጋል። አንድ ጥማድ ማሳ ያለው ሰው 3,000 ኪሎ እሸት አስረከበ ከተባለ ከሩብ ሄክታር 500 ኪሎ በላይ ንጹህ ቡና አገኘ ማለት ነው። ማን ያምናል?

«ለማንኛውም» ብሎ የቀበሌውን ገበሬ በሙሉ መዘርዘርም አያድንም። የተዘረዘረው ማሳ ሁሉ ንጹህ መሆን አለበት። መገኛው ያልታወቀውን እሸት ለብቻው አድርቁት፣ ለብቻው አከማቹት፣ ለሌላ ገበያ ሽጡት። ሌላ ዘዴ የለም።

ደብተሩን መርሳት

ሁሉም ስለ ደን ሲያወራ ህጋዊነቱ ይረሳል። የይዞታ ደብተሩ በሟች አባት ስም ሆኖ ቡናውን የሚያስረክበው ልጅ ከሆነ አሁኑኑ በቀበሌ በኩል ይስተካከል።

መረጃውን ለገዢ ሰጥቶ ባዶ እጅ መቅረት

አንዳንድ ላኪ በራሱ ወጪ ባለሙያ ልኮ ነጥብ ያስወስዳል። ደግ ነገር ነው። ማህበሩ ቅጂ ካልያዘ ግን በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ያመጣ ገዢ ሲመጣ ስራው ከዜሮ ይጀምራል። ያው እንግዲህ፣ ገበሬው ለአንድ ላኪ ታሰረ። ቅጂ ይሰጠን የሚለው ውሉ ላይ ይግባ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም (1321/2016) ስላለ ገበሬው መረጃው ለምን እንደሚወሰድ ይነገረውና ይስማማ።

«እኔ ትንሽ ነኝ፣ አይመለከተኝም»

ይሄ ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ ከአገር ቤት ጥቂት ኬሻ እያስመጣችሁ፣ ቆልታችሁ ለምትሸጡ ነው። በደንቡ ዓይን አስመጪው እናንተ ናችሁ። ቡናው ደንቡን ማሟላቱን የሚገልጸውን መግለጫ የምታስገቡት፣ ሰነዱንም አምስት ዓመት የምታቆዩት እናንተ። እዚያው አውሮፓ ካለ ጅምላ ሻጭ ለሚገዛ ሸክሙ ይቀላል። ለቤታችሁ በሻንጣ ያመጣችሁትን ደግሞ ማንም አይጠይቃችሁም። ለንግድ ከሆነ ግን ለሚልክላችሁ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የማሳዎቹን ነጥብ ጠይቁት።